መረቡ ውስጥ ያልገቡት ዛጎሎች

ባለፈው እትም የባሕርን ወለል በብረት እየቧጠጡ ክላምና ስካሎፕ ስለሚያወጡ መርከቦች አጠር አድርጌ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ተማሪ ጠየቀኝ፣ መርከብ ላይ የሠራ ሰው ጠየቀኝ፣ ስለ ባሕር ማንበብ ብቻ የሚወዱም ጠየቁኝ። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ያንን እትም ላላነበባችሁ፦ ክላም፣ ስካሎፕ፣ ኮክል፣ ሙሰልና ኦይስተር ሁሉም ለስላሳ ገላቸውን በሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ ደብቀው የሚኖሩ እንስሳት ናቸው። ድሬጅ ደግሞ እነሱን ከወለሉ ላይ የሚያነሳው የብረት ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬጅ ድሬጅ ትላለህ፤ እኔ ግን ዓይኔ ላይ አልመጣ አለኝ። ከተለመደው የዓሣ መረብ በምን ይለያል?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ ቅርጹን ሳልነግራችሁ ነው ያለፍኩት። ከባድ የብረት ማዕቀፍ አስቢ። ከኋላው ከብረት ቀለበቶች የተሠራ ከረጢት አለ። ከፊቱ እንደየዓይነቱ ጥርስ ወይም ስለት ይኖረዋል። መርከቡ በብረት ገመድ ይጎትተዋል፤ ጥርሶቹ ወለሉን ይጭራሉ፣ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ የነበረው ስካሎፕ ብድግ ይላል፣ ከረጢቱ ይውጠዋል። አሸዋውና ትንንሹ ዛጎል በቀለበቶቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። አንዳንዴ ይወጣል፤ ከረጢቱ በድንጋይና በባዶ ዛጎል ሲሞላ ግን ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል።

ጠለቅ ብሎ ለሚቀበረው ክላም ሌላ ዓይነት አለ፣ በውሃ ግፊት የሚሠራ። መርከቡ ላይ ያለው ፓምፕ በወፍራም ጎማ ውሃ ወደ ታች ይልካል፤ ውሃው ድሬጁ ፊት ባሉት ቀዳዳዎች በኃይል ይፈናጠራል፤ ጠንካራው አሸዋ ለአፍታ እንደ ቀጭን ጭቃ ይላላል፤ ስለቱም ከሥር ገብቶ ክላሙን ይዞት ይነሳል። ድሬጁ ካለፈ በኋላ ወለሉ ላይ ትልም ይቀራል። የታረሰ ማሳ አይተሽ ከሆነ ከዚያ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ እዚህ ማሳ ላይ የዘራ ሰው አለመኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ወቅት ሙሉ ስካሎፕ የሚያወጣ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ትንንሾቹን እየለቀምን በሕይወት ወደ ባሕር እንመልስ ነበር። አለቃችን «እኛ የምንወስደው የደረሰውን ብቻ ነው» ይለን ነበር። ታዲያ ጉዳቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሥራውን በእጅህ የምታውቅ ሰው ስለሆንክ መልሱን ሳላድበሰብስ ልንገርህ። አለቃህ መርከቡ ላይ ስለሚታየው የተናገረው እውነት ነው። ችግሩ ያለው መርከቡ ላይ በማይታየው ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዝ። ድሬጅ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ አይዝም። ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስካሎፕ እዚያው ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ድንጋያማ ቦታ ላይ ደግሞ የሚቀረው ይበዛል። የቀረው ሁሉ ደህና ሆኖ አይደለም የቀረው። አንዱን ጥርሱ ሰንጥቆታል፣ አንዱን የብረቱ ክብደት ጨፍልቆታል፣ አንዱ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። አይል ኦፍ ማን በምትባለው የእንግሊዝ ጎረቤት ደሴት አካባቢ ጠላቂዎች ድሬጁ ባለፈበት ትልም ላይ እየሄዱ የተጎዳውን ቆጥረዋል፤ መርከቡ ላይ የወጣውንም ከዚያ ጋር አነጻጽረዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤታቸው ቁርጥ ያለ ነበር፦ በወለሉ ላይ ባሉ ትላልቅ እንስሳት ላይ ከሚደርሰው ጉዳት የሚበዛው ማንም ሳያየው እዚያው ከታች ነው የሚደርሰው። አንተ መርከቡ ላይ ሆነህ የለቀምከው ጥቂቱን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ግብዣው ይጀመራል። ካናዳ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ በትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ሆኖ የድሬጅ ትልሞችን ተከትሎ ነበር። ዓሦችና ሸርጣኖች አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትልሙ ላይ ተሰብስበው አገኛቸው፣ ከትልሙ ውጪ ካለው ቁጥር ከ3 እስከ 30 እጥፍ። ክዳኑ ትንሽ የተሰነጠቀ ስካሎፕ ለሸርጣን የተከፈተ በር ነው። ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ይሸታል፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። በሌላ ጊዜ ቁስሉ ይድን ይሆናል፣ ዛጎሉም ይጠገናል፤ ያን ዕለት ግን ጊዜ አያገኝም።

አሁን ወደ መለሳችኋቸው ትንንሾች ልምጣ። በሕይወት መመለሳችሁ ጥሩ ነው፣ ማንም አይወቅሳችሁም። ግን ትንሿን በዓይንህ ተከተላት። ተጎትታ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ከድንጋይና ከሌሎች ዛጎሎች ጋር ስትፋጭ ቆይታለች። ከዚያ ውሃ በሌለበት ፀሐይ ላይ ተዘርግፋለች። ስካሎፕ የሚያመልጠው ሁለቱን ክዳኖቹን እያጨበጨበ በሚተፋው ውሃ ኃይል ነው፤ ይህ ማጨብጨብ ጉልበት ይጨርሳል። ደክማ ወደ ወለሉ ስትደርስ ሸርጣን ቢመጣ ለመሸሽ የቀራት አቅም ትንሽ ነው። ክላም ከሆነች ደግሞ መዋኘት የሚባል ነገር የለም። ያላት አንድ ጡንቻማ እግር ነው፤ እሱን አሸዋ ውስጥ እየሰደደች፣ እያበጠችና እየሳበች ራሷን መቅበር አለባት። ጤነኛዋ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች። የተመታችው ዘግይታ ነው የምትጀምረው፤ እስክትቀበር ድረስ ገላዋ ውጭ ነው። ያው ቦታ በወሩ እንደገና ቢጎተትስ? እንደገና ከዜሮ።

ስለዚህ ስንት ወሰድን ብለህ ብቻ አትቁጠር። አንድ ለማውጣት ከታች ስንቱን ነካን የሚለውም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ ስካሎፕ ዓይን አለው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ከሆነ ድሬጁን አይቶ ለምን አያመልጥም?

መልስ፦ አለው፣ ያውም እስከ 200 የሚደርሱ፣ በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ የተደረደሩ ጥቃቅን ዓይኖች። እንቅስቃሴና ጥላ ያያል። የባሕር ኮከብ እየተንፏቀቀ ሲመጣበት በቂ ጊዜ አለው፣ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ድሬጅ ግን ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ የሚያስነሳው ደለልም ሁሉን ይጋርዳል። አንዳንዶቹ ያመልጣሉ። ብዙ ርቀት ግን አይዋኙም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «500 ዓመት የኖረ ክላም ተገኝቷል» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ተወራርደናል፤ እባክህ ገላግለን።

መልስ፦ ተበልተሃል፤ ጓደኛህ እውነቱን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከአይስላንድ አጠገብ ኦሽን ኳሆግ የሚባል ክላም በድሬጅ አወጡ። መጀመሪያ ሲቆጥሩት 400 ዓመት ትንሽ አለፍ ያለ መሰላቸው። በኋላ በደንብ ሲያዩት 507 ሆኖ ተገኘ። ማለትም የተወለደው በ1499 ነው። በቻይናው ሥርወ መንግሥት ስም ሚንግ ተባለ። ያሳዝናል፣ ያን ያህል መኖሩ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው።

እንዴት ይቆጠራል ትለኝ ይሆናል። ዛፍ ግንዱ ውስጥ ክብ እንደሚያኖር ሁሉ ክላምም በዓመት አንድ መስመር ዛጎሉ ላይ ይጨምራል። ጠረጴዛዬ ላይ የዚህ ዝርያ አንድ ዛጎል አለ። ጥቁር ቡናማ ነው፣ መዳፍ ይሞላል፣ ሲያነሱት ከሚጠበቀው በላይ ይከብዳል። ማጠፊያው አጠገብ ያሉት መስመሮች ሰፋፊ ናቸው፣ የልጅነቱ ዓመታት። ወደ ጠርዙ ስትመጣ ግን ይቀራረባሉ፣ ከዚያም በባዶ ዓይን መለየት ያቅታል፤ ዛጎሉ ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው። አንዳንዴ ማታ ማታ አንስቼ በጥፍሬ እዳስሰዋለሁ። አንዷ መስመር አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ ናት።

ይህን ዝርያ ለየት አድርጌ የማነሳው ምክንያት አለኝ። በዝግታ ያድጋል፣ ለመራባትም አይቸኩልም። ለገበያ የሚወጣው መጠን ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ያወጣኸውን የሚተካ ሌላ የሚደርሰው ልጅ ልጆችህ ዘመን ነው ማለት ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ከሚደርስ ኮክል ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስሕተት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ሳነበው ደንግጬ ነበር። ሰሜን ባሕር በሚባለው የአውሮፓ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ሁለት ተመራማሪዎች የኳሆግ ዛጎሎች ላይ ያሉ ጠባሳዎችን ቆጠሩ። በየዓመቱ የሚጨመረው መስመር ስላለ እያንዳንዱ ጠባሳ በየትኛው ዓመት እንደደረሰ ይታወቃል። ከባድ ብረት ወለል ላይ የሚጎትቱት መርከቦች በበዙበት ዘመን ጠባሳውም በዝቶ ተገኘ። ክላሙ የተመታበትን ዓመት ገላው ላይ ጽፎ አስቀምጦታል።

ጥያቄ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። ወለሉ አሸዋ ነው። ማዕበልና ሞገድ በየቀኑ ያገላብጠዋል። ድሬጅ ደግሞ ያንኑ አይደል የሚያደርገው?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ ይህንን ግማሽ መካድ አልፈልግም። ሞገድ አዘውትሮ በሚመታው ንጹሕ አሸዋ ላይ የድሬጅ ትልም በቀናት ወይም በሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። እዚያ የሚኖሩትም መናወጥን የለመዱ፣ ቶሎ የሚራቡ ናቸው። የዓሣ አስጋሪዎቹ ክርክር እዚህ ጋ ውሃ ያነሳል።

ባሕር ግን አንድ ዓይነት ወለል የለውም። በ2017 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ ያነጻጸረ አንድ ሥራ ወጥቶ ነበር። በዚያ መሠረት ቀለል ያለው የወለል መረብ በአንድ ጉተታ በአማካይ 2.4 ሳንቲሜትር ወደ ታች ገብቶ ወለሉ ላይ ካለው ሕይወት 6 በመቶውን ያጠፋል። በውሃ ግፊት የሚሠራው ድሬጅ 16.1 ሳንቲሜትር ገብቶ 41 በመቶውን። በአንድ ጊዜ ጉተታ ነው ይህ! ለማገገም የሚወስደው መካከለኛ ጊዜ ደግሞ ከ1.9 እስከ 6.4 ዓመት ነው። መርከቡ ከዚያ ቀድሞ ከተመለሰ ወለሉ ሁልጊዜ ጅምር ላይ ነው።

አሸዋ ያልሆነውን ደግሞ እንይ። ሜርል የሚባል እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቀይ አልጌ አለ። ትንንሽ ቅርንጫፍ ያለው፣ ሮዝ ጠጠር የሚመስል። እርስ በርሱ ተቆላልፎ ሲነጠፍ በመካከሉ ሺህ ክፍተት ይፈጠራል፣ የስካሎፕ ሕፃናትም እዚያ ይሸሸጋሉ። በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ቀድሞ ያልተነካ የሜርል ንጣፍ ላይ ድሬጅ ተጎትቶ ተጠንቶ ነበር። በሕይወት ካለው ሜርል ከ70 በመቶ በላዩ ጠፋ። ለአራት ዓመት ተከታተሉት፣ የማገገም ምልክት አላዩም። ይህን ማዕበል ያደርገዋል ማለት አይቻልም።

በኔዘርላንድስ በኩል ያለው የዋደን ባሕርም ሌላው ምስክር ነው። ውሃው ሲሸሽ ጭቃና አሸዋው ሰፊ ሜዳ ሆኖ ይወጣል፤ ኮክል የሞላበት፣ ሚሊዮን ወፍ የሚመገብበት። ግሪንድ በምትባለው ትንሽ ደሴት ዙሪያ በ1988 እ.ኤ.አ. ኮክሉ ከወለሉ ምጎ በሚያወጣ ድሬጅ ተወሰደ። ኮክሉ ሲወጣ ደቃቁ ደለልም አብሮ ሄደ፣ የቀረው ሻካራ አሸዋ ሆነ። የዛጎል እጮች ደግሞ ለማረፍ ይመርጣሉ፣ ያገኙት ቦታ ላይ ሁሉ አያርፉም። ስለዚህ አዲስ ትውልድ በደንብ አልመጣም። አሸዋው ወደ ቀድሞ ጠባዩ የተመለሰው በ1996 ገደማ ነው። ስምንት ዓመት፣ ለአንድ ወቅት ሥራ። በእነዚያ ዓመታት ኮክል እየቀነሰ ሲሄድ በእሱ የሚኖሩት ወፎችም ተጎዱ፤ በመጨረሻ ኔዘርላንድስ ከ2005 ወዲህ በዋደን ባሕር የኮክል ድሬጅን አቆመች። እኔ ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ቢተውስ? ማለቴ አንድን ቦታ ሳይነኩ ቢያቆዩት እውነት ይመለሳል? ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው፣ ጥሩ ምሳሌ ስጪኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አምደኛው ወንድ ነኝ፣ ግድ የለም። ምሳሌ አለ፣ ያውም ደስ የሚል።

አሜሪካ ጠረፍ አጠገብ ጆርጅስ ባንክ የሚባል ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ የባሕር ክፍል አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮድ የሚባለው ዓሣና መሰሎቹ ስለተመናመኑ ሰፋፊ ክልሎቹ ተዘጉ። የተዘጉት ለዓሣ ነበር። ስካሎፕን ያሰበው ብዙ አልነበረም። በ1998 ሲታይ ግን በተዘጋው ውስጥ ያለው የስካሎፕ ክብደት ክፍት ከነበረው ቦታ ከ9 እስከ 14 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ትምህርቱን ወሰደ፤ አንዱ ክልል ሲሠራበት ሌላው እንዲያርፍ፣ ትንንሽ ስካሎፕ የበዛበት ቦታ እስኪያድግ እንዲዘጋ ተደረገ። የከረጢቱ ቀለበትም ወደ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ሰፋ። ገበሬ መሬቱን ጦም እንደሚያሳድር ማለት ነው። ጽሑፍሽ ላይ ግን ይህን አትርሺ፦ የባሕር ስካሎፕ ቶሎ የሚያድግ እንስሳ ነው፣ በእነዚያ ዓመታትም ብዙ ሕፃናት ተወልደዋል፣ መርከቦች ባሕር ላይ የሚውሉበት ቀንም ተቀንሶ ነበር። ሁሉንም ለመዝጋቱ ብቻ አትስጪው።

ትንንሾቹም ቦታዎች ይመልሳሉ። አይል ኦፍ ማን ውስጥ ፖርት ኤሪን አጠገብ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ በ1989 ተዘጋ፤ ከዓመታት በኋላ ለመያዝ የደረሰው ስካሎፕ በውስጡ ከውጭው በሰባት እጥፍ በለጠ። በስኮትላንድ አራን ደሴት የላምላሽ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ በነዋሪዎቹ ለዓመታት ግፊት በ2008 ተዘግቷል። እዚያ የተገኘው ነገር ቁልፉን ያሳያል። የስካሎፕ ሕፃን በቀጭን ክር ራሷን ከአልጌና ወለሉ ላይ ከበቀለ ነገር ጋር ታስራለች። ድሬጅ ካልመጣ ያ ነገር ይበቅላል። ከበቀለ ሕፃናቱ የሚታሰሩበት ያገኛሉ።

ኦይስተር ግን ሌላ ታሪክ ነው። የኦይስተር እጭ የምታርፈው ጠንካራ ነገር ላይ፣ በተለይ በእናቶቿ ዛጎል ላይ ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ክምር ይሆናል። ድሬጅ ክምሩን ሲበትነውና ዛጎሉ ሲወሰድ የቀረው ወለል ጭቃ ነው፣ እጯ መጥታ ትሰምጣለች። በ2011 የወጣ ጥናት ከዓለም የኦይስተር ክምሮች 85 በመቶው እንደጠፋ ገምቷል። ምክንያቱ ድሬጅ ብቻ አይደለም፣ በሽታና የተበከለ ውሃም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እንዳለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ባሉ ቦታዎች ግን ክምሩን ያፈረሰው በዋናነት የብረቱ ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ መዝጋት ብቻውን አይበቃውም። ዛጎል ተመልሶ መነጠፍ አለበት።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ ድሬጅ ይታገድ ትላለህ?

መልስ፦ በሁሉም ቦታ አልልም። ሜርል፣ የባሕር ሣር፣ የኦይስተርና የሙሰል ክምር ባለበት፣ አዎ፣ ዛሬውኑ። ኳሆግ ባለበት በጣም ጠባብ ኮታና ረጅም ዕረፍት። ሞገድ በሚመታው አሸዋ ላይ ቶሎ የሚያድግ ዝርያ ከሆነ፣ እየተፈራረቀ ካረፈ፣ ከታች የሚሞተው ሒሳብ ውስጥ ከገባ፣ ከዚህ ሥራ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉና በሩን አልዘጋም። ጠላቂ በእጁ የሚለቅመው ስካሎፕና በገመድ ላይ የሚያድግ ሙሰል ወለሉን አይቧጥጡም፤ አማራጭ ያለው ሰው እነሱን ቢያስቀድም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ ባሕር ዳርቻ ላይ ያገኘችውን የክላም ዛጎል አልጥልም ብላ ይዛው መጣች። ጀርባው ላይ የተጣመመ ወፍራም መስመር አለ። ድሬጅ የመታው ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ሸርጣንም ሊሆን ይችላል። እንዲህ አድርጉ። ታጥቦ ይድረቅ። ልጅዎ በአጉሊ መነጽር መስመሩን ትከተለው። ሸርጣን ብዙውን ጊዜ ጠርዙን ነው የሚቆራርሰው፣ ትንሽ ጉርሻ ጉርሻ እያደረገ። ከባድ ነገር የመታው ግን ስንጥቁ ረዘም ይላል፣ ዛጎሉን ያቋርጠዋል። ከዚያ ጠባሳው ውስጥ ትይ፦ ስንጥቁ ሲደፈን አሸዋ ገብቶበት ከሆነ፣ የአሸዋው ቅንጣቶች ዛጎሉ ውስጥ ተለስነው ቀርተው ይታያሉ። ከጠባሳው እስከ ጠርዙ ያሉትን መስመሮች ደግሞ ትቁጠር። ያ ቁጥር ክላሙ ከተመታ በኋላ የኖረባቸውን ዓመታት በግምት ይነግራችኋል። ስንት እንደሆነ ጻፉልኝ።